ለሰፊ ሸራ የሚሆን ፕሮጀክተርና በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር

ቀድሞ ሲኒማ ለማየት ከቤት ወጥቶ ቲኬት መቍረጥ ግድ ነበር። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ በግድግዳ ላይ ሲንቀሳቀስ ባየው ሥዕል እጅግ ከመደነቁ የተነሣ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር የከተማው ታሪክ ያስታውሳል። ዛሬ ያው ሰይጣን የጫማ ካርቶን በሚያህል ማሸጊያ ውስጥ ገብቶ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ዋጋውን የከፈለ ሁሉ ወደ ሳሎኑ ይወስደዋል። ይህም ለአስመጪውም ሆነ ለባለሱቁ አዲስ የእንጀራ በር የከፈተ ስለ ሆነ የሚነቀፍ ነገር አይደለም።

የሚነቀፈው ዕቃው የሚሸጥበት አነጋገር ነው።

ለብዙ ጊዜ በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ሲገለገል የቆየ አንድ አባወራ ይታሰብ። ግድግዳውን የሚሞላ ሥዕል ለቤተሰቡ ለማሳየት ተመኝቶ ወደ አንድ ሱቅ ይገባና «120 ኢንች የሚያሳይ ፕሮጀክተር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁም ካርቶኑን ወደ ገዢው አዙሮ «ይኸው ጋሼ፤ 9,000 ሉመን ነው፤ እስከ 200 ኢንች ያወጣል» ሲል ይመልስለታል። ገዢው የሳሎኑን ርዝመት አልተናገረም፤ ሻጩም አልጠየቀም። የመስኮቱ ብዛት፣ የግድግዳው ቀለም፣ ቤተሰቡ መብራት አጥፍቶ ወይም አብርቶ ማየት መውደዱ፣ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልተነሣም። ማታ ልጆች ተሰብስበው፣ ጎረቤትም ተጠርቶ፣ መሣሪያው ሲከፈት በግድግዳው ላይ የሚታየው የታጠበ ከፈይ የመሰለ የፈዘዘ ጥላ ይሆናል። አባወራው በማግሥቱ ዕቃውን ይዞ ሲመለስ ባለሱቁ የሚያቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ጋሼ፣ መብራቱን አጥፍተው ሞክረውታል?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ዳሩ ግን በአንድ ቀን ዘግይቷል።

ብዙ ነጋዴዎች ይህን የሚያዩት እንደ አንድ ደንበኛ ብስጭት ብቻ ነው። ነገር ግን የጉዳቱ መጠን ከዚያ ይሰፋል። የተታለለው ገዢ የሚያወራው ስለ አንዱ ሱቅ ሳይሆን ስለ ፕሮጀክተር ነው፤ «ፕሮጀክተር የሚባል ነገር አይረባም» ይላል። በዚህም ምክንያት በትክክል የተለካ 2,000 ሉመን ያለውን ዕቃ በብዙ ገንዘብ ያስመጣው ነጋዴ፣ አጠገቡ በሩብ ዋጋ «9,000 ሉመን» የሚል ካርቶን ከተደረደረበት ሱቅ ጋር ሲወዳደር እውነተኛው እንደ ሐሰተኛ ሆኖ ይታያል። የገበያ ግርግር ለሌባ ያመቻል እንደሚባለው፣ ቁጥሩ መለኪያ በሌለው መጠን እየተደበላለቀ በሄደ ቍጥር ሐቀኛው አስመጪ ከመስመሩ ይወጣል።

የነገሩ መሠረት ቀላል ሒሳብ ነው፤ ለነጋዴ ደግሞ ሒሳብ እንግዳ አይሆንም። የሸራ መጠን የሚነገረው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በኢንች ስለ ሆነ፣ ገዢው ከ100 ወደ 120፣ ከ120 ወደ 150 ሲያድግ ጥቂት ብቻ የጨመረ ይመስለዋል። ብርሃኑ የሚዘረጋው ግን በሸራው ስፋት ሁሉ ላይ ነው። ዛሬ በተለመደው የ16 ለ9 ቅርጽ 100 ኢንች ሸራ ወርዱ 2 ሜትር ከ21 ሳንቲም፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲም ያህል ሲሆን ስፋቱ 2.76 ካሬ ሜትር ነው። 120 ኢንች የሆነው 3.97 ካሬ ሜትር፣ 150 ኢንች የሆነው ደግሞ 6.2 ካሬ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ከ100 ወደ 150 የተሸጋገረ ሰው በኢንች ቋንቋ ግማሽ ያህል ብቻ ቢጨምርም፣ ያው መሣሪያ የሚሸፍነው ስፋት ሁለት እጥፍ ከሩብ ሆኗል። አንዱን ጋቢ ለሁለት ሰው እንደ ማልበስ ያለ ነው፤ ጋቢው አላጠረም፤ የሚለብሰው ሰው በዛ እንጂ።

ይህንኑ በቁጥር ለማስረዳት፣ በእውነት ተለክቶ 1,000 ሉመን የሚሰጥ መሣሪያ በ100 ኢንች ሸራ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 362 ሉመን ያሳርፋል። በ120 ኢንች ላይ 252፣ በ150 ኢንች ላይ 161 ይሆናል። በሲኒማ ቤቶች ጨለማ አዳራሽ የሚሠራበት የታወቀ ልክ 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር ሲሆን፣ ይህ በተራ ነጭ ሸራ ላይ ሲተረጐም ለአንድ ካሬ ሜትር 150 ሉመን ያህል ነው። ባለሱቁ ከዚህ ሁሉ ይህችን 150 የምትል ቁጥር ብቻ ቢይዝ እንኳ ብዙ ስሕተት ይድናል። መስኮቱን ጋርዶ መብራቱን አጥፍቶ ለሚያይ ሰው 150 ይበቃል። ጥግ ላይ ትንሽ መብራት ትቶ፣ ቡና እያፈላና እየተጨዋወተ ለሚያይ ቤተሰብ ከ300 ማነስ የለበትም። መስኮቱን ሳይጋርድ በቀን እግር ኳስ ለማየት የሚሻ ደግሞ 500ም ቢሰጡት የሚረካ አይመስልም።

ለምን ቢባል፣ ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም የሚረጭ መሣሪያ አይደለም። ይህ ነገር ብዙ ገዢ ያላሰበው፣ ብዙ ሻጭም ያልነገረው ነው። ፕሮጀክተር የሚያወጣው ብርሃን ብቻ ነውና በፊልሙ ውስጥ ሌሊት ሲሆን፣ ወይም ተዋናዩ ጥቁር ካፖርት ሲለብስ፣ በሸራው ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። ያ ቦታ በሳሎኑ መብራት ከተመታ ጥቁር መሆኑ ይቀርና ግራጫ ይሆናል። የሳሎኑ አምፖል በሸራው ላይ በካሬ ሜትር 50 ሉመን ብቻ ቢያሳርፍ፣ ከላይ የተጠቀሰው 1,000 ሉመን መሣሪያ በ120 ኢንች ላይ የሚሠራው ሥዕል ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው በስድስት እጥፍ ብቻ ይሆናል። አምፖሉ ሲጠፋ ግን ያው መሣሪያ በብዙ መቶ እጥፍ የሚበላለጥ ነጭና ጥቁር ያሳያል። ስለዚህ ለሰፊ ሸራ ከሚወጣው ገንዘብ ውስጥ የመጀመሪያው ብር ለወፍራም የመስኮት መጋረጃ ቢውል የሚያስገርም አይሆንም። ክሬም ቀለም የተቀባ ግድግዳና ነጭ ጣሪያም ከሸራው የሚመለሰውን ብርሃን እንደ ገና ወደ ሸራው ይልካሉና፣ ሸራው ያለበትን ግድግዳና አጠገቡ ያለውን ጣሪያ ጠቆር ባለ ቀለም መቀባት ከመሣሪያ መለወጥ ይልቅ ርካሽ የሆነ መሻሻል ያመጣል።

ታዲያ ያ 9,000 ሉመን ከየት መጣ? ሉመን ማለት የብርሃን መለኪያ ነው፤ የሚለካበት ቦታና መንገድ ካልተነገረ ግን ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ትክክለኛው መንገድ የታወቀ ነው። ነጭ ሥዕል በሸራው ላይ ይጣላል፤ ሸራው ዘጠኝ እኩል ክፍል ይደረጋል፤ በየክፍሉ መካከል በብርሃን መለኪያ ይለካል፤ የዘጠኙ አማካይ በሸራው ስፋት ይባዛል። አንሲ ሉመን የሚባለው በዚህ መንገድ የተገኘው ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 21118 የተባለው ደረጃም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ከመሆኑም በላይ፣ ከፋብሪካ የሚወጣው እያንዳንዱ መሣሪያ በጽሑፍ ከተነገረው ቁጥር ከመቶ ሰማንያው በታች እንዳይሆን ይጠይቃል። በአንጻሩ «የኤል.ኢ.ዲ. ሉመን» ወይም «የብርሃን ምንጭ ሉመን» የሚባለው ብርሃኑ ገና ከሌንሱ ሳይወጣ፣ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ሳለ የተገመተ ነው። ከዚያ ብርሃን ውስጥ ወደ ሸራው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ዝም ብሎ «ሉመን» ብቻ የሚለው ደግሞ የማንም ልክ አይደለም፤ የማተሚያ ቤት ቀለም ነው። በአሜሪካ አገር መሣሪያ ሠሪዎች በዚሁ በተጋነነ የሉመን ቁጥር ምክንያት እስከ ፍርድ ቤት ደርሰው ተካሰዋል።

በሺህ የሚቈጠር ሉመን ከተጻፈባቸው ርካሽ መሣሪያዎች ውስጥ በትክክል ሲለኩ 200 ወይም 300 ሉመን ብቻ የሚሰጡ አሉ። 200 ሉመን በ120 ኢንች ሸራ ላይ ሲዘረጋ ለካሬ ሜትር 50 ይደርሰዋል። ይህ እንግዲህ ከላይ ከተነገረው ከሳሎኑ ትንሽ አምፖል ብርሃን ጋር እኩል መሆኑ ነው። አባወራው በግድግዳው ላይ ያየው ጥላ ምን እንደ ነበር ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው የካርቶን ቁጥር የሥዕሉ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል ነው። «4ኬ ይደግፋል» የሚል ጽሑፍ መሣሪያው የ4ኬ ፊልም ሲላክለት አይቀበልም አይልም ማለት ብቻ ነው፤ በራሱ የሚያሳየው ነጥብ ግን 1,280 በ720 ወይም ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። በትንሽ ሸራ ላይ ይህ ጉድለት ይሸፈናል። ሸራው በሰፋ መጠን ግን ነጥቡም አብሮ ይሰፋል። በ120 ኢንች ሸራ ላይ 1,920 በ1,080 የሆነ ሥዕል የአንዱ ነጥብ ወርድ 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ጤናማ ዐይን ያለው ሰው ከ4 ሜትር ተኩል በቀረበ ቍጥር ነጥቡን መለየት ይጀምራል። በሦስት ሜትር ተኩል ላይ ሶፋ ያለው ሰው ስለዚህ 4ኬ ቢገዛ ገንዘቡን አባከነ አይባልም፤ አምስት ሜትር ርቆ የሚቀመጥ ግን ልዩነቱን ብዙም ስለማያየው ለነጥብ የሚከፍለውን ለብርሃን ቢከፍለው ይሻለዋል። የሰፊ ሸራ ገዢ የሚጠየቀው ሁለተኛ ጥያቄም እንግዲህ «ሶፋው ከግድግዳው ስንት ሜትር ይርቃል?» የሚል መሆን አለበት።

የመሣሪያው መቀመጫ ርቀትም እንዲሁ ነው። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ከሌንሱ እስከ ሸራው ያለው ርቀት ከሸራው ወርድ ጋር የተወሰነ ንጽጽር አለው። ይህ ንጽጽር 1.5 ከሆነ፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ66 ለሆነው የ120 ኢንች ሸራ 4 ሜትር ርቀት ግድ ይላል። ለ150 ኢንች ደግሞ 5 ሜትር ይሆናል። ብዙ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ይህን አይፈቅድም። ለእንዲህ ያለው ቤት ከግድግዳው ሥር የሚቀመጥ፣ በጥቂት አሥር ሳንቲም ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ወደ ላይ የሚረጭ ዓይነት ተሠርቷል፤ ነገር ግን እርሱ ጨርቅ ሸራ ወይም ጐርባጣ ግድግዳ አይወድም። ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ እብጠት ሁሉ በሥዕሉ ላይ ማዕበል ትሆናለችና፣ ከርሱ ጋር የተወጠረ ልዩ ሸራ አብሮ መሸጥ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሻጮች መሣሪያው ከጎን ቢቀመጥም ሥዕሉን በራሱ ያቃናል ብለው ያሞግሱታል፤ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የሚያቃናው የሥዕሉን ዳር እየቈረጠና ነጥቡን እየቀነሰ መሆኑን አብሮ መናገር ይገባል። የሚቻል ከሆነ ፊት ለፊት ማስቀመጥ፣ ወይም ሌንሱ ራሱ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ዓይነት መምረጥ ይበልጣል።

ከዚህ በላይ የተባለው በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። አሁን የሚነገረው ግን በተለይ ለዚህ አገር ነጋዴ የሚጠቅም ሲሆን፣ ከዕቃው ጋር ከሚመጡት ወረቀቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚጣለውም ይኸው ነው። ፕሮጀክተር በውስጡ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱንም የሚያስወጣው በማራገቢያ ከሚነፍሰው አየር ጋር ነው። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው ያው ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ምክንያት ታላላቅ ሠሪዎች በመሣሪያው የማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ለከፍተኛ ቦታ የሚሆን ማራገቢያውን የሚያፈጥን ትእዛዝ አኑረዋል፤ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራም ይህ እንዲከፈት በመመሪያቸው ጽፈዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አየሯም ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል፤ ሐዋሳና አዳማም ሳይቀሩ ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። ድሬዳዋ ላይ ያለ ነጋዴ ግን፣ በ1,200 ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ እርሱም በፈንታው የአገሩ ሙቀት ይበቃዋል።

ይህ ትእዛዝ ሳይከፈት የሚሠራ መሣሪያ በድንገት አይሞትም። መጀመሪያ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፤ ቀጥሎ አምፖሉ ወይም የብርሃን ምንጩ ከተነገረለት ዕድሜ ቀድሞ ይደክማል። ገዢው ይህን አይቶ «የቻይና ዕቃ ነው» ይላል፤ ባለሱቁ «መብራት ኃይል አበላሸብህ» ይለዋል፤ የሁለቱም ፍርድ ሐሰት ሆኖ እውነተኛው ምክንያት በማስተካከያው ዝርዝር ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ርካሾቹ መሣሪያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ ትእዛዝ ከነጭራሹ የላቸውም። ስለዚህ አስመጪው ከውጭ አገር ሻጭ ዋጋ ሲጠይቅ ከሉመኑ ጋር አብሮ «መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል?» ብሎ ቢጽፍ አያፍርም። ሲፈጥን ማራገቢያው ድምፅ እንደሚጨምርም አስቀድሞ መናገር መልካም ነው፤ ጸጥ ባለው የፊልም ክፍል ላይ ይህ ድምፅ የሚያስቀይመው ሰው አይጠፋም።

የመብራት መቆራረጥ ነገርም እንዲሁ ሊታሰብበት የተገባ ነው። አምፖል ያለው የጥንቱ ዓይነት መሣሪያ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው ለጥቂት ደቂቃ እየዞረ አምፖሉን ማብረድ ይኖርበታል፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ይህ ስለሚቋረጥ የጋለ አምፖል ያለ አየር ይቀራል። በሌዘር ወይም በኤል.ኢ.ዲ. የሚሠሩት ይህን የበለጠ ይችላሉ። አምፖል ያለውን ለሚሸጥ ነጋዴ እንግዲህ ለአሥር ደቂቃ የሚሆን ዩ.ፒ.ኤስ. አብሮ ማቅረብ ለራሱም ትርፍ፣ ለገዢውም ዋስትና ነው። በዱባይ በኩል የሚመጡት ብዙዎቹ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ሶኬት ስላላቸው የዚህ አገሩን ክብ መሰኪያ መለወጫ በካርቶኑ ውስጥ መጨመር ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሳይደረግ ይቀራል።

የአምፖሉን ዕድሜ ሲነግሩም ነጋዴዎች አንድ ቃል ይዘላሉ። የአምፖል ዕድሜ 4,000 ሰዓት ነው ሲባል እስከዚያ ድረስ እንደ አዲስ ያበራል ማለት አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ብርሃኑ በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያይ ቤተሰብ ይህ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው። 20,000 ሰዓት የተነገረለት ሌዘርም በዚያው ሒሳብ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ በግማሽ ይደክማል። ሁለተኛም፣ በካርቶኑ ላይ ያለው ሉመን፣ በትክክል የተለካው እንኳ፣ መሣሪያው እጅግ ደምቆ ሲሠራ የተገኘ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሰው ፊት አረንጓዴ ስለሚመስል ፊልም የሚወድ ሰው ወደ ሲኒማው ማስተካከያ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜም ብርሃኑ ሲሶውን ያህል ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ለ120 ኢንች ሸራ በጨለማ ክፍል 600 ሉመን ይበቃል የሚለው ሒሳብ በወረቀት ላይ እውነት ቢሆንም፣ ለዓመታት የሚያገለግለውን ለመግዛት በትክክል የተለካ 2,000 ሉመን አካባቢ መፈለግ ተገቢ ነው። ለ150 ኢንች ከ3,000 በታች ያለውን ባለሱቁ ባያቀርብ ይሻላል። አምፖል ላለው መሣሪያ ትርፍ አምፖል ሳያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣበትን ጥያቄ ዛሬውኑ ቢያስብበት መልካም ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወም ነጋዴ አይጠፋም። «ገዢው የሚጠይቀው ርካሹን ነው፤ እውነቱ ቢነገረው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል» የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደ ከበደ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ርካሹ መሣሪያም ቢሆን በቦታው ዋጋ አለው፤ በልጆች መኝታ ቤት ጨለማ ውስጥ በ60 ኢንች ላይ የካርቱን ፊልም ለማሳየት 250 ሉመን የሚሰጠው ትንሹ ዕቃ ማንንም አያሳፍርም። ጥፋቱ እርሱን መሸጥ ሳይሆን በሌላ ስም መሸጥ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሲወጣም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎ ነበርና፣ ነገሩ የደግነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ደግሞም ምንዛሪው ውድ በሆነበት ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመደርደሪያ ወደ ቆሻሻ መጣያ የሚሄድ ዕቃ ማስመጣት አገሪቱንም ነጋዴውንም ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ከዚህ አልፎ ፕሮጀክተር ጨርሶ የማይገባው ገዢም አለ። ሳሎኑ ብርሃን የሚሞላበት፣ መስኮቱን መጋረድ የማይፈልግ፣ ቀኑን ሙሉ ዜናና ጨዋታ የሚያይ ሰው 75 ወይም 85 ኢንች ቴሌቪዥን ቢገዛ ከማንኛውም 120 ኢንች ፕሮጀክተር የበለጠ ይደሰታል። ይህን በግልጽ የሚነግረው ባለሱቅ የፕሮጀክተሩን ሽያጭ ያጣል፤ ገዢውን ግን አያጣም።

ለአስመጪዎች የሚቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ካርቶን ይከፈት፤ በጨለማ ክፍል፣ ከላይ በተነገረው የዘጠኝ ቦታ ልክ፣ በብርሃን መለኪያ ይለካ። መለኪያው በእጅ የሚያዝ፣ ዋጋውም ከመካከለኛ ፕሮጀክተር በብዙ ያነሰ መሣሪያ ነው። የተገኘውም ቁጥር በአማርኛ በታተመ ትንሽ ካርድ ላይ ተጽፎ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ይለጠፍ፤ በራሱ የሚያሳየው የነጥብ ብዛት፣ ለ100 እና ለ120 ኢንች የሚያስፈልገው የሜትር ርቀት፣ የብርሃን ምንጩ ዓይነት፣ የተፈቀደለት ከፍታም አብረው ይግቡ። ጅምላ አከፋፋዩ ይህን ካርድ ከአስመጪው፣ ባለሱቁ ከአከፋፋዩ መጠየቅ ከጀመረ፣ ካርድ የሌለው ካርቶን የሚጠየቅበት ቀን ሩቅ አይሆንም። ሁለትና ሦስት ታላላቅ አስመጪዎች ተስማምተው ቢጀምሩት ሌላው መከተሉ አይቀርም፤ ማንም ብቻውን ቢጀምረው ግን ለጊዜው ሊጐዳ ስለሚችል፣ ነገሩ በንግድ ምክር ቤቱ አባላት ዘንድ በጋራ ቢመከርበት ይመረጣል።

ባለሱቁም የሚያደርገው አለ። በአብዛኛው ሱቅ ፕሮጀክተር የሚታየው በነጭ የጣሪያ መብራት ሥር፣ በሰላሳ ኢንች ሥዕል ነው። እንዲህ የታየ መሣሪያ ርካሹም ውዱም አንድ ይመስላል፤ በትንሽ ሥዕል ላይ ሁሉም ይደምቃልና። በሱቁ አንድ ጥግ ጥቁር መጋረጃ ጋርዶ፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ዳሩን በጥቁር ከፈይ ከቦ፣ 100 ኢንች ሸራ ማቆም የአንድ አናጢና የአንድ ልብስ ሰፊ የሁለት ቀን ሥራ ነው። በሸራው ግማሽ ላይ ካርቶኑ 9,000 የሚለው፣ በሌላው ግማሽ ላይ በልክ 2,000 የሆነው፣ እኩል ስፋት ይዘው አንድ ፊልም ጎን ለጎን ያሳዩ፤ በመካከልም አንድ ጊዜ መብራቱ ይብራ። ባለሱቁ በዚያን ጊዜ ዝም ቢል ይሻለዋል፤ ገዢው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አይቶ ሲያበቃ ስለ ሳሎኑ መስኮትና ስለ ሶፋው ርቀት ራሱ መናገር ይጀምራል።